የ8028 አሥር ዓመታት ከፎገራ ሜዳ ሲታዩ

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የታሪክ መምህር ስለ ኢንተርኔት ሊናገር ሲቆም «ይህስ የጋዜጠኛ ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። የአሥርና የሃያ ዓመት ነገር ገና ታሪክ አልሆነም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ በሻይ ሰዓት ስንከራከር ኖረናል። እኔ የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው። በጣና ደሴቶች ያሉ ገዳማት ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ብራና ዛሬም አውጥተው ያነቡልናል። ከሃያ ዓመት በፊት በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ፍሎፒ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ሪፖርት ግን ዛሬ የሚያነበው መሣሪያ ማግኘት ጭንቅ ነው። ብራና ታሪክ ጸሐፊውን ይጠብቀዋል፤ ዲጂታል መዝገብ አይጠብቀውም። ስለዚህ የቅርቡን ዘመን ታሪክ እኛ በጊዜው ካልያዝነው፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ዛሬ የማነሣው የአንድ ተቋም ታሪክ ነው፤ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲና «ሰማንያ ሃያ ስምንት» እያልን የምንጠራው የስልክ መስመሩ። ዓመቶቹን፣ ሌላ ካልጠቀስሁ በቀር፣ በራሳችን አቆጣጠር እናገራለሁ። ነገሩን የምመለከተው ግን አዲስ አበባ ካለው ቢሮ ሳይሆን ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ሆኜ ነው። ለዚህ ምክንያት አለኝ። ፎገራ ከውጭ የመጣ ቴክኒክ እንዴት እንደሚተከል፣ ያመጣው ተቋም ከፈረሰ በኋላም እንዴት እንደሚኖር በሩዝ ያሳየ አገር ነው። ሩዙን የተረዳ ሰው የስልኩን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም።

ወረታን የማታውቁ ጥቂት ናችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲወጣ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያቀናው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከከተማዋ ወደ ጣና ሜዳው ተዘርግቷል፤ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ይተኙበታል። ድሮ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ የፎገራ ላም ስሟ እስከ ዛሬ ከሜዳው ጋር ነው። ሩዝ የመጣው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ሲሠሩ ነው። ከዚያ ደርግ ወደቀ፤ ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ኮሪያውያኑም ሄደው ነበር። በመጽሐፉ ሕግ ከሄድን ሩዙም አብሮ መጥፋት ነበረበት። ዘሩ ግን በገበሬው ጎተራ ቀረ። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ከቀበሌው ወስዶ ከማሳ ወደ ማሳ እየተሻገረ በፎገራ፣ በደራና በሊቦ ከምከም ተዳረሰ። መንግሥት ሩዝን «የሚሌኒየም ሰብል» ብሎ ሲሰይመው ሜዳው ሥራውን ከጀመረ ቆይቷል። ዛሬ በወረታ መንገድ ዳር መፈልፈያው ይጮኻል፣ ገለባው እንደ ኮረብታ ይከመራል፤ በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው እዚሁ ነው። እዚህ ላይ የማስቀምጠው ነጥብ፣ ዘሩን ያቆየው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሄደ ቃል መሆኑን ነው። መቼ ይዘራል፣ ውኃው እስከ የት ይቁም፣ አረሙ ስንቴ ይታረም፤ ይህ ሁሉ በአፍ ነው የሄደው።

አሁን ወደ መስመሩ እንምጣ። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1989 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመት የአዲስ አበባ ነገር ሆኖ ቆየ። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ወረዳ ኔትን ዘረጋ፤ በሳተላይት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከማዕከል የሚያገናኝ መረብ ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በቴሌቪዥን መስኮት የሚደረገውን የርቀት ስብሰባ ነው። ቃሉ ከላይ ወደ ታች ይወርድበታል እንጂ ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት መንገዱ ጠባብ ነበር።

በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ አካባቢ በፎገራ ሌላ ሙከራ ተደርጓል፤ ብዙም ስለማይወሳ እጠቅሰዋለሁ። በካናዳ ገንዘብ የሚደገፍና በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የሚመራ አንድ ፕሮጀክት በአገሪቱ አሥር ወረዳዎችን መርጦ ሲሠራ፣ ከአሥሩ አንዱ ፎገራ ነበር። ፕሮጀክቱ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዕውቀት ማዕከል አቋቋመ፤ ኮምፒውተርና መረጃ የተጫነባቸው ሲዲዎች ገቡ። አዘጋጆቹ የተረዱት ነገር ብልህ ነበር። መስመሩ ስለማይታመን መረጃው ያለ መስመር መነበብ አለበት ብለው ነው ሲዲውን ያመጡት። የማዕከሉ ተጠቃሚ ግን ባለሙያው ነበር። ገበሬው ዘንድ ለመድረስ አሁንም የልማት ሠራተኛው እግር ያስፈልጋል።

የ1998ን ክረምት እዚህ ላይ ሳላነሣ አላልፍም። በዚያ ክረምት ማብቂያ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ቀበሌዎች አጥለቀለቁ፤ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያ ጊዜ በመላ አገሪቱ የስልክ አጭር መልእክት አይሠራም ነበር። ከ1997 ምርጫ በኋላ ተዘግቶ እንደ ገና የተከፈተው በሚሌኒየሙ ዋዜማ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። መልእክቱ ቢኖር ጎርፉን ይመልሰው ነበር ለማለት አይደለም፤ በዚያን ጊዜ በሜዳው ላይ ስልክ የያዘ ገበሬ ስንት ነበር? እኔን የሚያሳስበኝ፣ አንድ ወንዝ ከላይኛው ተፋሰስ ወርዶ ሜዳው እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ የሚቀድምበት መሣሪያ በእጅ ሳለ መዘጋቱ ነው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ2003 ሁለት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንቦች በተከታታይ ቁጥር ወጡ። ደንብ ቁጥር 197/2003 ኢትዮ ቴሌኮምን አቋቋመ። ደንብ ቁጥር 198/2003 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ምክር ቤትንና ኤጀንሲን አቋቋመ። ነጋሪት ጋዜጣን እያገላበጠ ያረጀ ሰው እንደዚህ ያለ ጉርብትና ሲያይ ደስ ይለዋል። ሁለቱን ያገናኘ እቅድ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ የቁጥር መከታተል የጽሕፈት ሥራ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናይ፣ የአንዱ ዕድል በሌላው መስመር ላይ የተንጠለጠለ ሆነ።

ኤጀንሲው ሲወለድ የዲጂታል ድርጅት አልነበረም። ሥራው በግብርናው ዘርፍ ማነቆ የሆነውን ለይቶ መፍትሔ ማቅረብ ነበር፤ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ ገበያ። ወደ ዲጂታል የገባው በሁለት በር ነው። አንዱ አፈር ነው። በ2004 የተጀመረው የአፈር መረጃ ሥርዓት ከየወረዳው ናሙና ወስዶ፣ በቤተ ሙከራና በሳተላይት ምስል አገናኝቶ የአገሪቱን የአፈር ለምነት ካርታ ሠራ። ለዘመናት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ሲታደል የነበረው ገበሬ ኤን.ፒ.ኤስ. የሚባል ማዳበሪያ ማየት የጀመረው ከዚህ ተከትሎ ነው። ሁለተኛው በር ስልክ ነው።

8028 በ2006 ተከፈተ። አሠራሩን ለማታውቁት ልግለጽ። ገበሬው ይደውላል፤ ጥሪው ነፃ ነው። የሚያነሣው ሰው ሳይሆን የተቀዳ ድምፅ ነው። መጀመሪያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ነበር፤ ኋላ ሌሎች ቋንቋዎች ተጨመሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደውል ሰው ቁጥር እየተጫነ ይመዘገባል፤ ወንድ ነህ ሴት፣ ከየትኛው ወረዳ። ከዚያ ሰብሉን ይመርጣል፤ ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይና በሽታ የተዘጋጀውን ምክር ያዳምጣል። በሌላ በኩል መሥሪያ ቤቱ ራሱ ወደ ተመዘገቡት ይደውላል፤ የስንዴ ዋግ በአንድ አካባቢ ሲታይ ለዚያ አካባቢ ገበሬዎችና ልማት ሠራተኞች ማስጠንቀቂያ ይላካል። ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ የጠሪው ብዛት የተቋሙን ግምት አለፈ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተመዘገቡት በሚሊዮን መቆጠር ጀመሩ።

ይህ ምርጫ ዛሬ ቀላል ይመስላል። በ2006 ግን ዓለም ሁሉ ስለ ስማርት ስልክ መተግበሪያ ነበር የሚያወራው፤ በየጉባኤው የሚሸለመውም እርሱ ነበር። በአዲስ አበባ 4ጂ የተጀመረው በ2007 ነው። በዚያ ድምቀት መካከል የድምፅ ጥሪ የመረጠ ተቋም ኋላ ቀር ሊባል ይችል ነበር። ምርጫው ከባዶ አልመጣም። በ2000 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋ የሚሰማበትን 929 የስልክ መስመር ከፍቶ ነበርና፣ ገበሬና ነጋዴ የተቀዳ ድምፅ ለመስማት እንደሚደውል አስቀድሞ ታይቷል። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2004 የገበሬዎች የጥሪ ማዕከል ከፍታለች። ልዩነቱን ልብ በሉ። በሕንድ ስልኩን የሚያነሣው የግብርና ባለሙያ ነው፤ ገበሬው የልቡን ይጠይቃል። በእኛ የሚያነሣው ቅጂ ነበር፤ ገበሬው የሚጠይቀው ከተዘጋጀለት ዝርዝር ውስጥ ነው። የእኛው መንገድ ርካሽና ሰፊ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ያስተናግዳል። የሕንዱ ውድና ጠባብ ነው፤ ግን ይሰማል። የስምንት ሺህ ሃያ ስምንትን የአሥር ዓመት ታሪክ ባጭሩ ብናየው፣ ተቋሙ ከመናገር ወደ መስማት ለመሻገር ያደረገው ጉዞ ነው እላለሁ። ኋላ ላይ የጥያቄ መቀበያ ክፍል ታክሎ፣ ገበሬው ያልተመለሰለትን ጥያቄ በራሱ ድምፅ እንዲያቀርብ መደረጉ ለእኔ ከማንኛውም መተግበሪያ የሚበልጥ ለውጥ ነው።

ከፎገራ ሲታይ ግን ነገሩ ጠርዝ አለው። ለአገር የተቀዳ ምክር የሚናገረው ለአገር ነው። የፎገራ ገበሬ መሬቱን የሚለየው ውኃ በሚተኛበትና በማይተኛበት ነው፤ የአንዱ ማሳ ሁለት ጫፍ እንኳ ሁለት ባሕርይ አለው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይዘራበታል፤ ውኃ ያለው ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማበታል። የዚህን ሁሉ መልስ ከአንድ ቁጥር መጫን ማግኘት ይከብዳል። ደግሞም ሜዳው ላይ ስልክ በብዛት የተጠየቀው ሌላ ነገር ነው፤ ዋጋ። ሽንኩርት ዛሬ ባሕር ዳር ስንት ገባ? ጎንደርስ? ለዚህ ገበሬው 8028 አይደውልም። መፈልፈያ ቤት ለሚሠራ ዘመዱ፣ ለሹፌር፣ አንዳንዴም ለደላላው ነው የሚደውለው። ደላላው ስለ ራሱ ገበያ የሚናገረውን ምን ያህል እንደሚያምነው እርሱ ያውቃል። በግብርና ሳይንስ የተዘጋጀ ምክርና በኪስ የሚቆጠር ዋጋ በሁለት የተለያዩ መስመሮች መጓዛቸው የዚህ አሥር ዓመት አንዱ ጉድለት ነው።

ሌላው ምንጩን ለምንመረምር ሰዎች የሚጠቅም ነጥብ ነው። በመዝገቡ ላይ «ወንድ» ተብሎ የተመዘገበ ጥሪ ሁሉ ወንድ ያዳመጠው አይደለም። በገጠር ቤት ስልኩ የአባወራው ነው፤ የሚመዘገበውም በእርሱ ነው። የሩዝ አረም ግን በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ጉልበት ነው። እማወራዋ በባሏ ስልክ ብትሰማ መዝገቡ አያያትም። በተቃራኒው አንድ ልማት ሠራተኛ ስልኩን ከፍ አድርጎ ለአንድ ለአምስት ቡድን ሲያሰማ መዝገቡ አንድ ሰው ብሎ ይቆጥራል። እንግዲህ በሚሊዮን የሚነገረው ቁጥር በሁለቱም በኩል ይዋሻል፤ አንዴ ያበዛል፣ አንዴ ያሳንሳል። የግብር መዝገብን በጥርጣሬ ማንበብ ያስተማርናችሁ ለዚሁ ነው።

ኢንተርኔቱ በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። 3ጂ ከክልል ከተሞች ወደ ወረዳ ከተሞች ወረደ። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ ቀነሰ፤ በእኔ አስተያየት ለገጠሩ ከማንኛውም ስትራቴጂ ሰነድ ይልቅ ትልቁ ክስተት ይህ ነው። የከተማ ልጅ በዓመት በዓል ወደ ወላጆቹ ሲመጣ አሮጌ ስማርት ስልኩን ትቶ መሄድ ጀመረ። ልማት ሠራተኞች የቴሌግራም ቡድን ከፈቱ፤ የታመመ ቅጠል ፎቶ ከቀበሌ ወደ ወረዳ በደቂቃ ይደርስ ጀመር። በግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ፤ በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ሲጀምር የቴሌኮም ብቸኝነት አበቃ። ከመንግሥት ውጭ ያሉም ገቡ። ዲጂታል ግሪን ገበሬው ራሱ የሚተውንባቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለመንደር ያሳይ ነበር፤ አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመልስ «ፋርመር ቻት» አምጥቷል። ለእርሻ የተባለው የግል አገልግሎት መተግበሪያ ከፈተ፤ ግን ከመተግበሪያው ጎን 7860 የጥሪ ማዕከልና በየገጠሩ ወኪሎች አቆመ። ማስተዋል ነው። መተግበሪያ ብቻውን እግር እንደሌለው ፈጥነው ተረድተዋል።

(አንድ ነገር በጣልቃ ልበል። ኢንተርኔት ፎገራን ለዓለም ያስተዋወቀው በሩዙ አይደለም፤ በእምቦጭ ነው። በጣና ዳር የተንጣለለው አረንጓዴ ምንጣፍ ፎቶ በፌስቡክ ዞሮ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገንዘብና ማሽን አሰባሰበ። ከሐይቁ ዳር እየገባ በእጁ የሚነቅለው ገበሬ ግን ፎቶውን ያየው ከሁሉ በኋላ ነው።)

ኤጀንሲውስ በዚህ ሁሉ መካከል ምን አደረገ? ስሙ በ2014 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት ሆነ። የማዳበሪያና የዘር ሽያጭን በደረሰኝ ሥርዓት ለማስያዝ የተነደፈው የግብዓት ቫውቸር በክልላችን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአብቁተ፣ በኩል በወረቀት ተጀምሮ ወደ ኤሌክትሮኒክ መልክ ለመሻገር ተሞከረ። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው የአገሪቱ ስትራቴጂ በ2012 ሲጸድቅ ግብርና ከቀዳሚዎቹ ዘርፎች አንዱ ሆነ። ይህን ሁሉ ሪፖርቱ በሰፊው ስለሚናገር አልዘገይበትም። ሪፖርቱ ብዙም የማይናገረው፣ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው አለመጣሉን ነው። ድምፁ አልተዘጋም፤ ቪዲዮው፣ ቴሌግራሙ፣ መተግበሪያው በላዩ ተደረቡ። አንድ ጥበበኛ ቤት ሠሪ አዲስ ክፍል ሲጨምር መሠረቱን እንደማይነቅል ማለት ነው።

መሠረቱ ለምን እንዳስፈለገ ያሳየው የመቋረጡ ታሪክ ነው። በ2009 መጀመሪያ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ለአገር አቀፍ ፈተና ሲባል ተዘጋ። ከሰኔ 15 ቀን 2011 ግድያዎች በኋላ ተዘጋ፤ ከሰኔ 2012 ማብቂያ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ፤ በዚህ አዳራሽ ያለን ሁላችንም ያየነው ስለሆነ ዝርዝሩን ከእኔ አትፈልጉም። የመዝጋቱን ምክንያትና ተገቢነት መመርመር የሌላ ቀን ንግግር ነው። ዛሬ የማነሣው ውጤቱን ነው። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ምክር በእነዚያ ወራት ዝም አለ። የቴሌግራም ቡድኑ ጠፋ፤ የተጫነው መተግበሪያ በስልኩ ላይ ሥዕል ብቻ ሆነ። የድምፅ ጥሪም በየቦታው እየተቆራረጠ ነበር፤ ኔትወርክ ባለበት ግን ከዳታው የተሻለ ዕድሜ ነበረው።

ይህን የተማረው የመንግሥት ተቋም ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ሃይብሪድ ዲዛይንስ የራይድን አገልግሎት መጀመሪያ በአጭር መልእክት አስጀመረ፤ ቆይቶ መተግበሪያ ሠራ፤ 8294 የሚለውን የጥሪ መስመር ግን አልለቀቀም። ኢንተርኔት ሲዘጋ ታክሲ የሚጠራው በዚያ ቁጥር ነበር። አንድ የቦሌ ተሳፋሪና አንድ የፎገራ ሩዝ አምራች በአንድ ነገር እኩል የሆኑበት ጊዜ ቢኖር ይኸው ነው፤ ሁለቱም አራት አሐዝ ይጫናሉ።

አሁን በልባችሁ ያዙልኝ ወዳልኋችሁ ልመለስ። በ1998 መልእክቱ ተዘግቶ ሳለ ጎርፍ መጣ። በ2015 ክረምት ዳታው ተዘግቶ ሳለ ርብና ጉማራ እንደ ወትሮው ሞልተው ነበር የሚወርዱት። ወንዝ አዋጅ አያነብም። ስለዚህ የማስጠንቀቂያና የምክር መስመር የፖለቲካ መቋረጥ የማይነካው መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ከቴክኒክ ይልቅ የሕግ ጥያቄ ነው፤ በሕግ ትምህርት ቤት ያሉ ባልደረቦቼ ቢይዙት ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ጉዳዬ ከሁሉ በላይ እኛን የታሪክ ሰዎችን ይመለከታል። አሥር ዓመት ሙሉ ገበሬዎች ደወሉ። እያንዳንዱ ጥሪ ቀን፣ ሰዓት፣ ወረዳ፣ የተመረጠ ሰብል፣ የተመረጠ ርዕስ አለው። በጥያቄ መቀበያው ደግሞ የገበሬው የራሱ ድምፅ አለ። ለኢትዮጵያ ገበሬ ታሪክ የምንጠቀምባቸው ምንጮች ምን ነበሩ? ገድል፣ ዜና መዋዕል፣ የግብር መዝገብ፣ የተጓዥ ማስታወሻ፣ የፍርድ ቤት ክርክር። በሁሉም ውስጥ ገበሬው የሚታየው ሌላ ሰው ሲጽፈው ነው። እርሱ ራሱ ምን እንዳሳሰበው፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ወረዳ፣ በብዛት የሚያሳይ ምንጭ ኖሮን አያውቅም። እነሆ አሁን አለ። ሕንድ የጥሪ ማዕከሏን ጥያቄዎች ስም አውጥታ፣ በዲስትሪክትና በሰብል ከፋፍላ በመንግሥት የመረጃ ድረ ገጽ ላይ አውጥታለች፤ ተመራማሪዎች ከዚያ ተነሥተው ተባይ የት መቼ እንደ ታየ ይጽፋሉ።

እኛ ዘንድ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ሲወጣ ኢንተርኔት በአገራችን ሁለት ዓመቱ ነበር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ በቅርቡ ወጥቷል። አንደኛው አቆዩ ይላል፤ ሁለተኛው የሰውን ገመና አታጋልጡ ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በመካከላቸው የሚሠራ ደንብ ማውጣት፣ ማለትም ስሙንና ስልኩን አጥፍቶ ጥያቄውን ማቆየት፣ የአርካይቭ ባለሙያ፣ የኮምፒውተር ሰውና የታሪክ ምሁር አብረው የሚቀመጡበት ሥራ ነው። ይህ ሳይደረግ ሰርቨር ከተለወጠ፣ የአገልግሎት ውል ከተቋረጠ ወይም ተቋሙ እንደ ገና ስሙን ከለወጠ ድምፁ እንደዚያ ፍሎፒ ዲስክ ይሆናል።

እስከዚያ ድረስ ለሦስተኛና ለአራተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ሥራ አለኝ። በፎገራ፣ በደራና በሊቦ ከምከም በየቀበሌው የልማት ሠራተኞች ማስታወሻ ደብተር አለ፤ በእጅ የተጻፈ፣ ጭቃ የነካው፣ አንዳንዱ የጠፋ። 8028 ከተከፈተበት ከ2006 ጀምሮ ያሉትን ደብተሮች ፈልጋችሁ፣ ከባለቤቶቻቸው ፈቃድ ጠይቃችሁ ፎቶ አንሡ። ከወረታ ግብርና ኮሌጅ የወጡ አንጋፋ ሠራተኞች ብዙዎቹ አሁንም በአካባቢው ስላሉ በመጀመሪያ እነርሱን አነጋግሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ደብተሩ ለልጆች መጫወቻ ይሆናል። ቀኑን፣ ቀበሌውንና የተጠየቀውን ጥያቄ እንደ ተጻፈ ገልብጡ፤ ፊደሉን አታርሙ፣ ቃሉን አታሳምሩ። የመጀመሪያውን ዙር ከመስቀል በፊት፣ ሩዙ ገና ሳይታጨድ ልማት ሠራተኞቹ በሜዳው ላይ ሳሉ እንጀምራለን፤ ስማችሁን ለትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።